ከኢተያ እስከ ኢየሩሳሌም፤ የመንገደኛ ገንዘብ ነገር

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳል። በመልካሳ በኩል ወንዙን ተሻግሮ፣ ግራርና አቧራ የበዛበትን ዴራን እስኪያልፍ ድረስ ሙቀቱ ከመኪናው ውስጥ አይወጣም። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ቀስ በቀስ ሽቅብ ይላል፤ ነፋሱም ይለወጣል፤ ግራሩ እየሳሳ ይሄድና በግራም በቀኝም የስንዴ ማሳ ብቻ ይሆናል። ይህ ደገኛ አገር የሄጦሳ ወረዳ ነው፤ ከተማውም ኢተያ ይባላል።

ኢተያ ትልቅ ከተማ አይደለችም። ዋናው መንገድ መካከሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ዳርና ዳሩን ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ የእኽል መጋዘንና የባንክ ቅርንጫፍ ይዘውታል። ጋሪው፣ ባጃጁና ኩንታል የተጫነው አይሱዙ መንገዱን ይሻማሉ። በደቡብ በኩል የጭላሎ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል። መኸሩ ሲደርስ ኮምባይነር የሚሉት ማጨጃ ከማሳ ወደ ማሳ እየተከራየ ይዞራል፤ ማጭድና በሬ ብቻ ለሚያውቅ ለሌላ አገር ገበሬ ይህ ራሱ የሚያስደንቅ ትርኢት ነው። አርሲ በዚህ ነገር ቀደም ያለ አገር ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የስዊድን መንግሥት የረዳው፣ ካዱ ተብሎ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቁሞ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስተዋውቋል፤ ወደ አሰላ ሲቃረቡ የሚገኘው የቁሉምሳ የምርምር ማእከልም እስከ ዛሬ በስንዴ ዘር የታወቀ ነው።

የዛሬው ነገራችን ግን ስለ ስንዴው አይደለም። ስንዴው ተሸጦ ብር ከሆነ በኋላ፣ ብሩ ደግሞ ከአገር ወጥቶ ወሰን ሲሻገር ምን እንደሚሆን ለማየት ነው። በኢተያ ባንክ ቤቶች ውስጥ የውጭ ገንዘብ ዋጋ የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ፤ ዶላሩ፣ ዩሮው፣ የሳዑዲው ሪያልና የኤምሬቶቹ ድርሃም በየተራቸው ተዘርዝረውበታል። ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ከሰሌዳው ፊት ቆማ ስታነብ ቢያዩ አይገረሙ። ልጇ በጅዳ ወይም በዱባይ ታገለግል ይሆናል። አርሲ ብዙ ሴቶች ልጆቿን ወደ ዐረብ አገር የሰደደች ምድር ናት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ያበቀለች አሰላ፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የወለደች በቆጂም ከዚሁ ምድር ናቸውና፣ ሮጦ በውጭ አገር ገንዘብ የሚሸለም ሰው ዜናም ለሕዝቡ እንግዳ አይደለም። ከእነዚህ ሁሉ ሌላ ደግሞ ለትንሣኤ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም የተሳሉ እናቶችና አባቶች አሉ።

ከእነዚህ እናቶች አንዲቱን በቤታቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ቍልቢንም ላሊበላንም ተሳልመዋል፤ በታንኳ ዝዋይን ተሻግረው፣ ጽላተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ተሸሽጋበት ነበር በሚባልበት በደብረ ጽዮን ደሴት ቆመው አስቀድሰዋል። አሁን የቀረቻቸው ኢየሩሳሌም ብቻ ናት። ለዚሁ ስለት ዓመት ዓመት ከሚሸጡት ስንዴ ጥቂት ጥቂት እያስቀሩ አጠራቅመዋል። ቡናው በሚፈላበት ጊዜ በአሰላ ባንክ ቤት የሚሠራው የእኅታቸው ልጅ፣ እንዲሁም ከቤይሩት የተመለሰች የጎረቤት ልጅ አብረውን ነበሩ። ክርክሩ የተነሣው እናታችን፣ «ብሩን ዶላር አድርጌ በመቀነቴ ቋጥሬ እሄዳለሁ፤ ካርድ የምትሉትን ነገር አላውቀውም» ባሉ ጊዜ ነው።

ልጁ፣ «እማማ፣ ያን ያህል ገንዘብ በመቀነት? ዘመኑ የካርድ ነው» አላቸው።

እርሳቸውም ተነሥተው ከሣጥናቸው አንድ ጠገራ ብር አመጡና በእጄ ላይ አኖሩት። የአያታቸው ነበር። የኦስትሪያይቱ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት፣ ክብደቱ 28 ግራም የሆነ ብር ነው። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ብትሞትም፣ ገንዘቡ ከሞተች በኋላ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ በቪየና፣ ኋላም በሮማ፣ በለንደንና በቦምባይ ሳይቀር ሲቀረጽ ኖሯል። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ፣ ከሐበሻ እስከ የመንና እስከ ሒጃዝ፣ ነጋዴውም መንገደኛው ምእመንም የሚተማመኑበት ይህ ነበር። ዐፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስቀርጸው ቢያመጡም፣ ሕዝቡ ጠገራውን ቶሎ አልተወም።

ይህን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ጠገራ ብር ይዞ ወሰን የሚሻገር የጥንት መንገደኛ ምንዛሪ የሚባል ጭንቀት እምብዛም አልነበረበትም። በብሩ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23 ግራም ያህል ስለ ነበረ፣ የትም ቢሄድ ዋጋው በራሱ ሆድ ውስጥ ነበር። ጭንቀቱ ክብደቱ ነው፤ መቶው ጠገራ ወደ ሦስት ኪሎ ይጠጋልና ሽፍታም በቅሎም ያውቁታል። ሌላው ጭንቀት ደግሞ የተቀባዩ ጥርጣሬ ነው። ገበያተኛው በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነቍጦች በጣቱ እየዳሰሰ ይቈጥራል፤ የተፋቀ ከሆነ አይቀበልም። ይህ ልማድ የሞተ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ዛሬ በብዙ አገር መንዛሪ ቤት ፊት ቆሞ ይመልከት። ጥግዋ የተቀደደች፣ ቀለም የፈሰሰባት፣ ወይም እትሟ ያረጀች የመቶ ዶላር ኖት ስትቀርብ መንዛሪው ፊቱን ያጠቍራል፤ ወይም ዋጋ ቀንሶ ይወስዳታል። ስለዚህ ከባንክ ዶላር የሚቀበል መንገደኛ እዚያው መስኮቱ ላይ ሳለ አንድ በአንድ ገልጦ አይቶ፣ ያረጀውን እንዲለውጡለት መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው።

የዛሬው ገንዘብ ዋጋው በሆዱ ውስጥ አይደለም፤ በሰሌዳ ላይ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንዱ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነበር። በ1956 ዓ.ም. 2 ብር ከ50 ሆነ፤ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል 2 ብር ከ7 ሳንቲም ላይ ቆመ፤ በ1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5 ብር ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ደግሞ፣ ትናንት 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በአንዲት ቀን ወደ 74 ብር ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ መውጣቱን አላቆመም።

እናታችን ይህን በቁጥር አይናገሩትም። «ያን ጊዜ ይህን ያህል ኩንታል ይበቃኝ ነበር፤ አሁን ይህን ያህል ጨመረብኝ» ይላሉ። ሒሳባቸውን ሰምቼ አደነቅሁ። ብር ሲለዋወጥ ስንዴው መለኪያ ሆኖ ቆመላቸው። ከአገር የሚወጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ የራሱ መለኪያ ቢኖረው መልካም ነው። በባዕድ አገር ሱቅ ገብቶ 40 የሚል ዋጋ ሲያይ፣ ዐርባው ምን እንደ ሆነ ወዲያው የሚያውቀው በቤቱ ከሚያውቀው ነገር ጋራ ሲያመዛዝነው ነው። በኢየሩሳሌም የሚሠራበት ገንዘብ ሰቅል (ሼቄል) ነው፤ የ200 ሰቅል ኖት በእጅ ላይ ስትታይ ከእኛ ከሁለት መቶዋ ብር የማትበልጥ መስላ ታታልላለች፤ ዋጋዋ ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ደግ እናት በዚህ ስሕተት ብዙ ሰቅል ላልተገባው ሰው ሰጥታ ልትመጣ ትችላለች።

አሁን ወደ ጕዞው እንሂድ። የውጭ ገንዘብ የሚገዛው ከባንክ ነው። ባንኩም ፓስፖርት፣ የሚሄዱበትን አገር ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት አይቶ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ በተወሰነው ልክ ይሸጣል። ልኩ በየጊዜው ስለሚሻሻል የጐረቤት ወሬ አይበቃም፤ ከመነሣት ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ባንኩን ራሱን መጠየቅ ያሻል። የባንኩን ደረሰኝም ከፓስፖርቱ ጋራ ይዞ መጓዝ ይገባል፤ በአውሮፕላን ጣቢያ የሚጠይቅ ቢመጣ መልሱ እርሱ ነውና። በመንደር ውስጥ «ከባንክ ሳትንከራተቱ እኔ ላምጣላችሁ» የሚል ደላላ አይጠፋም። እናታችንም ጋ መጥቶ ነበር። ሐሰተኛ ኖት ቢያስይዛቸው ለማን ይከሳሉ? ራሱ ግዢው ከሕግ ውጭ ነውና ከሳሹ አስቀድሞ ተከሳሽ ይሆናል። የአሥር ዓመት ስንዴ በዚህ መንገድ ሲጠፋ ማሰብ ያስፈራል።

የእኛን ብር ይዞ መውጣት ደግሞ ሁለት ጊዜ ከንቱ ነው። አንደኛ፣ ሕግ ከጥቂት መጠን በላይ አይፈቅድም፤ ሁለተኛ፣ በውጭ አገር መንዛሪ ቤት ብራችንን የሚቀበል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እናታችን ዘመዶቻቸው «ለጎልጎታ መባ አድርሱልን» ብለው የሰጧቸውን ብር በከረጢት ለይተው አስቀምጠው ነበር። ያ ሁሉ ብር እዚህ ባለበት ተደምሮ ከራሳቸው ጋራ ወደ ዶላር መለወጥ እንዳለበት የእኅታቸው ልጅ ሲነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። የእያንዳንዱ ሰው መባ በየራሱ እንዲደርስ ፈልገው ነበርና። በኋላ ግን የሰጪዎቹን ስመ ክርስትናና መጠኑን በወረቀት አስጻፉ፤ እዚያ ሲደርሱም በሰቅል ሳንቲም ከፋፍለው ለማድረስ ወሰኑ። የአንድ፣ የሁለት፣ የአምስትና የአሥር ሰቅል ሳንቲሞች ስላሉ ይህ ይቻላል።

ሰሌዳውን ማንበብ ራሱ ትምህርት ይጠይቃል። «መግዣ» እና «መሸጫ» ተብለው ሁለት ዋጋዎች ይጻፋሉ። ብዙ ሰው «መግዣ» የሚለውን እኔ የምገዛበት ነው ይላል፤ አይደለም፤ ባንኩ ወይም መንዛሪው ከእኛ የሚገዛበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመንዛሪው እንጀራ ነው። ምሳሌ ለማድረግ ያህል፣ አንድ መንዛሪ ዶላርን በ3 ሰቅል ከ40 ይገዛል፣ በ3 ሰቅል ከ70 ይሸጣል እንበል። መቶ ዶላር የሰጠው ሰው 340 ሰቅል ይቀበላል። ሐሳቡን ለውጦ ያንኑ 340 ሰቅል መልሶ ዶላር ቢያደርገው የሚመለስለት 92 ዶላር እንኳ አይሞላም። ምንም ሳይገዛ፣ ምንም ሳይበላ ስምንት ዶላር ከእጁ ወጣ። «ኮሚሽን የለብንም» የሚል ማስታወቂያ በደማቁ የሚለጥፉት መንዛሪዎች ብዙ ጊዜ ትርፋቸውን የሚያወጡት ከዚሁ ልዩነት ነው፤ በአውሮፕላን ጣቢያ ያሉትማ ከሁሉ ይብሳሉ። ስለዚህ በጣቢያው ለታክሲና ለውሃ የሚሆን ብቻ መንዝሮ ቀሪውን ከተማ ገብቶ ሁለትና ሦስት ቤት ጠይቆ መመንዘር ይሻላል። ጥያቄውም «ዋጋው ስንት ነው?» ሳይሆን «መቶ ዶላር ብሰጥህ በእጄ ስንት ትሰጠኛለህ?» ይሁን።

ይህ ሥራ ለኢየሩሳሌም እንግዳ አይደለም። በወንጌል የምናነባቸው ለዋጮች በቤተ መቅደስ አደባባይ ገበታ ዘርግተው የተቀመጡት በምክንያት ነበር። ለመቅደሱ የሚከፈለው ግማሽ ሰቅል በጢሮስ ብር እንዲሆን ይፈለግ ስለ ነበር፣ ከየአገሩ የመጣው ምእመን የያዘውን ገንዘብ ለውጦ፣ ለለዋጩም የድካሙን ከፍሎ ነበር የሚገባው። ዛሬ በአሮጌዪቱ ከተማ በደማስቆ በርና በኢዮጴ በር አጠገብ መንዛሪዎች አሉ። ለእኛ ምእመናን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ በአይሁድ በኩል ያሉት ባንኮችና ሱቆች ዐርብ ከቀትር በኋላ ተዘግተው ቅዳሜን ውለው ማምሸታቸው ነው። የስቅለት ዐርብና ቀዳም ሥዑር የሚውሉት በዚሁ ሰዓት ላይ ነውና፣ በዴር ሡልጣን ወይም በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በዓሉን ሊያከብር የሚያስብ ሰው እስከ ኀሙስ ድረስ የሚበቃውን ዘርዝሮ ይያዝ።

ካርድን በሚመለከት ከወጣቱ ጋራ በሙሉ አልተስማማሁም። ካርድ መልካም ነገር ነው። የአገራችን ባንኮች ዶላር ተሞልቶባቸው በውጭ አገር የሚሠሩ የቪዛና የማስተርካርድ ካርዶችን ለመንገደኛ ይሰጣሉ። ቢጠፋ ደውሎ ማዘጋት ይቻላል፤ የጠፋ ኖት ግን ተመልሶ አይገኝም። ነገር ግን ካርድ የሚጠይቀውን የማያነብ ሰው ካርድ ቢይዝ ከጥቅሙ ጕዳቱ ይከፋል። ኤቲኤሙ በባዕድ ቋንቋ «በዶላር ልቍረጥ ወይስ በአገሩ ገንዘብ?» ብሎ ይጠይቃል። ዶላርን ስለምናውቀው ዶላር የሚለውን መጫን የተፈጥሮ ነው፤ ወጥመዱም እርሱ ነው። ዶላር ያለ ሰው ምንዛሪውን ለማሽኑ ባለቤት ፈቀደለት፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ከመቶ ሦስትና ከዚያ በላይ ጨምሮ ይቈርጣል። የአገሩን ገንዘብ የመረጠ ሰው ግን በካርዱ ድርጅትና በባንኩ ምንዛሪ ይስተናገዳል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። በሱቅና በሆቴል የክፍያ ማሽንም ይኸው ጥያቄ አለ፤ አንዳንድ ጊዜም ባለሱቁ ሳይጠይቅ ራሱ ይጫንልናልና ደረሰኙን ሳይፈርሙ ማየት ይገባል።

ሌላ የእኛን ሰው ብቻ የሚያገኘው ችግር አለ። ካርዱ ላይ የሚያበቃበት ወርና ዓመት የተጻፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። 9/27 የሚል ቢሆን የእነርሱ መስከረም 2027 ማለት ነው፤ በእኛ መስከረም 2020 ይሆናል። ሰባት ስምንት ዓመት የቀረው መስሎት በሞተ ካርድ የሚጓዝ ሰው አይታጣም። እንዲሁም ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ፀሐይ» ወይም «ጽጌ» የሚለውን ሁሉም እንደ መሰለው ይጽፈዋል። በካርዱ፣ በፓስፖርቱና ሐዋላ በሚላክበት ወረቀት ላይ ያለው ስም በአንዲት ፊደል ቢለያይ ገንዘቡ በመስኮት ማዶ ተይዞ ይቀራል። ይህንን በቤት ሳሉ አስተካክሎ መውጣት ቀላል ነው፤ ከሄዱ በኋላ ግን እጅግ ከባድ ነው።

በመጨረሻ ለእናታችን የተመከረው እንዲህ ሆነ። ካርዱን ማንበብ የሚችለው አብሯቸው የሚሄደው ዲያቆን በራሱ ስም ይይዛል። እርሳቸው ገንዘባቸውን በሦስት ከፍለው፣ የቀኑን በትንሽ ቦርሳ፣ ትርፉን በመቀነት፣ የቀረውን በማደሪያው የዕቃ ማስቀመጫ ያኖራሉ። «ታዲያ መቀነቴ ቀረ ወይ?» ብለው በድል ሳቁ። መቀነት ያላዋረደው ማን አለ? የተማረውም ቢሆን ጥሬ ገንዘብ ሲያጣ ይቸገራል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ተሰደው በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ አገር በገቡ ጊዜ፣ በባዝ ከተማ የኖሩት በገንዘብ ችግር ነው፤ የብር ዕቃቸውም በለንደን ለሽያጭ ቀርቧል።

ከቤይሩት የተመለሰችው ልጅ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ታደምጥ ነበር። ስትናገር ግን የሁላችንም ወሬ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. ስትሄድ ደመወዟ በወር 150 ዶላር ተብሎ ነው የተዋዋለችው። እመቤቷ ግን ከጊዜ በኋላ በሊራ መክፈል ጀመረች። የሊባኖስ ሊራ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ ለዶላር 1,507 ተኩል ላይ ተተክሎ ስለ ነበር፣ 226,000 ያህል ሊራ ስትቀበል የጐደለ ነገር አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. ግን የሊባኖስ ባንኮች ተናጉ፤ በሰኔ መጨረሻ በገበያ አንዱ ዶላር ከ8 ሺህ ሊራ በላይ ሆነ፤ ኋላም ከ80 ሺህ አለፈ። እመቤቷ ያንኑ 226,000 ሊራ መስጠቷን ቀጠለች። «ወረቀቱ ላይ ያለው ይኸው ነው፤ ምን ጐደለብሽ?» አለቻት። ሲመነዘር ግን 28 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። «ቍጥሩ አልተነካም፤ ድካሜ ግን ተወሰደ» አለችን። በዚያው ወቅት ብዙ ኢትዮጵያውያት ደመወዛቸውን ሳያገኙ፣ ሻንጣቸውን ይዘው በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ እንደ ተጣሉ ዓለም ሁሉ በሥዕል አይቷል።

ስለዚህ ልጁን ወደ ውጭ የሚልክ ቤተ ሰብ «ስንት ነው?» ከማለት አስቀድሞ «በምን ገንዘብ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የሳዑዲ ሪያል ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ለዶላር 3.75፣ የኤምሬቶቹ ድርሃም ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ 3.67 ገደማ ላይ ጸንተው ኖረዋል፤ የሊራውም ነገር እስከሚፈርስበት ቀን ድረስ የጸና ይመስል ነበር። ደመወዙ በውሉ ላይ በዶላር ከተጻፈ፣ በሌላ ገንዘብ የሚከፈል ቢሆን በዕለቱ ምንዛሪ እንደሚሆን አብሮ መጻፍ አለበት። ደመወዝም በአሠሪ እጅ «ተቀመጠልሽ» ተብሎ መሰንበት የለበትም። ከ2006 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ የተባረሩት ወገኖቻችን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ያልተከፈለ ደመወዛቸውን ትተው ነው የወጡት። በየወሩ በባንክ ወይም በታወቀ ሐዋላ ወደ ቤት የተላከ ገንዘብ ግን ከማንም በር ላይ አይቀርም።

ልጅቱ በጥር 2013 ዓ.ም. ስትመለስ ሌላ ነገር ጠበቃት። ስትሄድ በሻንጣዋ ስፌት ውስጥ የሸሸገችው ሦስት ሺህ ብር ነበራት፤ አምስት ዓመት ሙሉ ለመመለሻዋ ቀን ስትጠብቀው ኖራለች። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የአገራችን የብር ኖቶች ተለውጠው፣ ባለ 200 ብሩም አዲስ ወጥቶ፣ አሮጌዎቹ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር ብር ኖቶች በሦስት ወር ውስጥ እንዲመለሱ ታዝዞ ነበርና፣ ከአውሮፕላን ስትወርድ የያዘችው ወረቀት ብቻ ነበር። ያን ገንዘብ እናቷ ዘንድ ትታው ሄዳ ቢሆን በጊዜው ይለወጥ ነበር። አሁን ከኖቶቹ አንዱን በመጽሐፍ ውስጥ አድርጋ አስቀምጣዋለች።

ወደ አገር የሚመለሰው ደግሞ የተረፈውን የውጭ ኖት በባንክ መሸጥ፣ ወይም የሚፈቀድለት ከሆነ በውጭ ገንዘብ ሒሳብ ማስቀመጥ ይችላል። የውጭ ሳንቲም ግን መንዛሪ አይቀበለውም። እናታችን ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያ የመጨረሻዪቱን ሰቅል እዚያው ጧፍ ገዝቼባት እመጣለሁ» ብለው የሦስተኛውን ስኒ ቀዱልን።